የድሃ ክለብ አሠልጣኝ



ለዚህ ወር ዓምዳችን መነሻ የሆነን ከወደ ደብረ ታቦር የደረሰን የአንድ አባት ጥያቄ ነው። «ልጄ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ለዕረፍት ቤት ሲመጣ ከኮምፒዩተሩ ፊት አይነሳም። ኳስ ይጫወታል እንዳልል የማየው የስምና የቁጥር መዓት ነው። ምን እየሠራህ ነው ስለው፣ ‹አባዬ፣ የደመወዝ በጀቱ አልበቃኝም፣ አንድ ተከላካይ ልሸጥ ነው› ይለኛል። የሚያሠለጥነው ክለብ ደግሞ እንግሊዝ አገር ያለ፣ እኔ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ነው። ይህ ነገር ምንድን ነው? ቁማርስ አይደለም ወይ?» ይላሉ።

ጥያቄው የእኚህ አባት ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው፣ ከመሸ በኋላም ከቤት መውጣት በከበደባቸው ወራት፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ ጨዋታ በብዙ ወጣት ላፕቶፕ ላይ ሰፍኖ ከርሟል። በፍላሽ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፋል። ወላጅ የማያውቀውን ነገር መፍራቱ ደግሞ የተለመደ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ነገሩን እንወቀው።

ጨዋታው እግር ኳስ ማሠልጠንን የሚያስመስል ነው። ተጫዋቹ ኳስ አይመታም። ሥራው ቡድን መምረጥ፣ ልምምድ ማውጣት፣ ተጫዋች መግዛትና መሸጥ፣ ከክለቡ ቦርድ ጋር ስለ ገንዘብ መነጋገር ነው። የጥንቱን ጨዋታ የሠራው ኬቪን ቶምስ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1982 ነበር። በእርሱ ጨዋታ ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከአራተኛው ዲቪዚዮን ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1992፣ ፖልና ኦሊቨር ኮሊየር የተባሉ ወንድማማቾች «ቻምፒዮንሺፕ ማናጀር» የተሰኘውን አወጡ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የእነርሱ ሥራ «ፉትቦል ማናጀር» በሚል ስም ይታወቃል። በየዓመቱ አዲስ እትም ሲወጣ ቢቆይም የ2025ቱ እትም ሳይወጣ ተሰርዟል። በአብዛኛው ወጣት እጅ ያለው የቆየ እትም በመሆኑ ይህ እምብዛም አላሳሰበው ይሆናል።

እንግዲህ ማንችስተርን ወይም አርሰናልን መያዝ ሲችል ልጁ ለምን ስሙ ያልተሰማ ክለብ መረጠ? እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ጨዋታ የሚሆነው እዚያ ነው። ገንዘብ ያለው ክለብ ሲይዙ ችግር ሁሉ በቼክ ይፈታል። በእንግሊዝ ከፕሪሚየር ሊግ በታች ቻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋን፣ ሊግ ቱ፣ ከዚያም ናሽናል ሊግ እያለ መሰላሉ ይወርዳል። ሊግ ቱ አራተኛው እርከን ነው። 24 ክለቦች አሉት፤ እያንዳንዱም በዓመት 46 የሊግ ጨዋታ ያደርጋል። ሦስት ክለቦች በቀጥታ ያድጋሉ፤ ከአራተኛ እስከ ሰባተኛ የወጡት ደግሞ ለአንዲት ቀሪ ቦታ እርስ በርስ ይጋጠማሉ። ከታች ሁለት ይወርዳሉ።

እዚህ ክለብ ላይ የተቀመጠ አሠልጣኝ የመጀመሪያ ሥራው ኳስ ሳይሆን ሂሳብ ነው። ደመወዝ በእንግሊዝ የሚቆጠረው በሳምንት እንጂ በወር እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ ብዙ ጀማሪ ይህን ሳያይ ቁጥሩ ያነሰ መስሎት ይፈርማል። ተጫዋች ለመግዛት ገንዘብ የለም። ስለዚህ ሦስት በሮች ብቻ ይቀራሉ። አንደኛው ሰኔ ሲያልቅ ውላቸው የሚያበቃ ተጫዋቾችን ያለ ዝውውር ክፍያ ማምጣት ነው። ሁለተኛው ከትልልቅ ክለቦች ወጣቶችን በውሰት መውሰድ ነው፤ ነገር ግን የውሰት ልጅ ቁጥር ገደብ አለው፤ ዓመቱ ሲያልቅም ወደ ባለቤቱ ይመለሳልና ቡድንን በውሰት ብቻ የገነባ በክረምት ባዶ ቤት ይጠብቀዋል። ሦስተኛው ከክለቡ የወጣቶች ቡድን ማሳደግ ነው። ይህ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ አዝመራ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ምንም አያፈራም።

የተጫዋቹ ችሎታ ከ1 እስከ 20 በሚደርስ ቁጥር ተጽፏል። ጀማሪው ዓይኑ የሚያርፈው በማራኪው ነገር ላይ ነው፤ ኳስ ማንከባለል፣ ረጅም ቅብብል፣ የጥበብ ምት። በአራተኛው እርከን ግን ሜዳው በክረምት ጭቃ ነው፣ ጨዋታውም በየሦስት በየአራት ቀኑ ይደራረባል። እዚያ ነጥብ የሚያመጣው ፍጥነት፣ ትንፋሽ፣ በጭንቅላት መምታትና የማይበገር ልብ ነው። አንድ ቁመተ ረጅም ተከላካይና ኳስ ከማዕዘን አስተካክሎ የሚያሻግር አንድ ልጅ በዓመት ብዙ ግብ ያስገኛሉ። ከወጣቶቹ መሐል አንድ የ33 ዓመት አንጋፋ ማስቀመጥም ይጠቅማል። ሮጦ ላይደርስ ይችላል፤ ለልጆቹ ግን የት መቆም እንዳለባቸው ይነግራል። አሰላለፉም ቀላል ቢሆን ይመረጣል፤ በየሳምንቱ ስልት የሚቀያይር አሠልጣኝ ተጫዋቾቹን ያደናግራል።

ይህ ሁሉ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በምዕራብ እንግሊዝ ኤክስተር ሲቲ የሚባል ክለብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከሊግ ወርዶ፣ በዕዳ ተይዞ፣ ሊፈርስ ሲል ደጋፊዎቹ በማኅበራቸው አማካይነት ተረከቡት። ጥር 2005 ላይ፣ በአምስተኛው እርከን ሳለ፣ በኤፍ ኤ ካፕ ሦስተኛ ዙር ማንችስተር ዩናይትድ ደረሰው። በኦልድ ትራፎርድ ከ67 ሺህ በላይ ሰው ፊት 0 ለ 0 ተለያየ። በመልሱ ጨዋታ በሜዳው ሮናልዶና ሩኒ አግብተውበት 2 ለ 0 ተሸነፈ። መሸነፉን ማን አስታወሰው! ከሁለቱ ጨዋታዎች የተገኘው ገቢ ክለቡን ከዕዳ ለማውጣት አበቃው። በ2008 ወደ ሊግ ቱ ተመለሰ፣ በ2022 ወደ ሊግ ዋን አደገ። በመካከሉ በራሱ የወጣቶች ቡድን ያሳደገውን ኦሊ ዋትኪንስን እ.ኤ.አ. በ2017 ለብሬንትፎርድ ሸጠ። ሲሸጥም «ነገ ከነገ ወዲያ ከእናንተ ሲሸጥ ድርሻ አለኝ» የሚል ቃል በውሉ አስገብቶ ነበርና፣ ልጁ በ2020 ወደ አስቶን ቪላ ሲሄድ ኤክስተር ሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ አገኘ። ይህ የውል ቃል በጨዋታውም ውስጥ አለ። የድሃ ክለብ አሠልጣኝ የሆነ ወጣት ሁሉ ልጅ ሲሸጥ ሊረሳው የማይገባ ነው። በነገራችን ላይ ኤክስተርን ያዳነው ዓይነት የድግግሞሽ ጨዋታ ከ2024/25 የውድድር ዓመት ጀምሮ ከኤፍ ኤ ካፕ ዋና ዙሮች ተነሥቷል። ትንንሾቹ ክለቦች ክፉኛ ተከፍተዋል፤ እኛም ብንሆን ፍርዱ አልጣመንም።

በሌላ ወገን ደግሞ በሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተ፣ በ1900 እና በ1903 ኤፍ ኤ ካፕን የወሰደ፣ ከ1894 ጀምሮ በሊጉ የቆየ ክለብ ነበር። በ2019 ከሊግ ቱ ወደ ሊግ ዋን አደገ፤ ተጫዋቾቹ ግን ደመወዛቸው አልተከፈለም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ላይ ክለቡ ገንዘብ እንዳለው ማሳየት ስላልቻለ ከሊጉ ተባረረ። በሜዳ ያደገ ቡድን በወረቀት ጠፋ። በጨዋታው ውስጥ ዕዳ ቀይ ቁጥር ነው፤ በበሪ ከተማ ግን አያቱ የወሰደውን ልጅ የልጅ ልጁ ሊወስድበት የሚችል ሜዳ ተዘጋ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የእኛ ክለቦች አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደር ወይም በድርጅት በጀት የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ በጀት የሰጠው አካል ፊቱን ሲያዞር ክለቡም አብሮ ይከስማል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን በ2009 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወርዶ ፈርሶ ነበር። በኋላ እንደገና ተቋቁሞ በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ አደገና በማግስቱ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ሆነ! ይህን በኮምፒዩተር ያደረገ ልጅ ቢኖር ጓደኞቹ ጨዋታውን በማጭበርበር አሸነፍክ ይሉት ነበር። ጎረቤታችን ፋሲል ከነማም በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት በ2013 ዓ.ም. ዋንጫውን ወደ ጎንደር ወስዷል። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሻገረ።

አሁን ወደ አባታችን ሁለተኛ ጥያቄ። ቁማር ነው ወይ? በቤቱ ተቀምጦ ማንም ከማንም ምንም ሳያሲዝ የሚጫወተው ይህ ጨዋታ በራሱ ውርርድ የለበትም። የሚገዛውና የሚሸጠውም የወረቀት ገንዘብ እንኳ አይደለም። ነገር ግን በዙሪያው ያለውን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በየመንደሩ ባሉ የፕለይስቴሽን ቤቶች ሁለት ልጆች ሲጫወቱ «ተሸናፊ ይክፈል» የሚባል ልማድ አለ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ከሁለት አንዱ በመሸነፉ ከኪሱ የሚያወጣበት ነገር የውርርድ በር ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ሁለቱም ድርሻቸውን ከመጀመራቸው በፊት ይክፈሉ። ዝርዝር ፍርዱን የአካባቢያችሁን ዑለማእ ጠይቁ። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ የኳስ ጨዋታዎች ውስጥ ምን እንዳለበት የማይታወቅ የተጫዋች እሽግ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህን መሰል ሽያጭ ቁማር ነው ብሎ በመወሰኑ፣ የ«ፊፋ» ጨዋታ አምራች በ2019 መጀመሪያ በዚያ አገር ሽያጩን አቁሟል። እስልምናን የማያውቅ አገር እንኳ እዚህ ከደረሰ እኛ ልንዘናጋ አይገባም። ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ቤቲንግ ነው። የሊግ ቱን ክለብ ሁሉ ስም በቃሉ የያዘ ልጅ «እኔ አውቃለሁ» ብሎ ትኬት ሊቆርጥ ይችላል። በጨዋታው ያገኘው ዕውቀት እዚያ አያድነውም፤ ዋጋውን አስልቶ የሚያወጣው ድርጅት ከእርሱ ይልቅ ያውቃል፣ ትርፉንም አስቀድሞ ቀንሷል። እናትና አባት ሊከታተሉ የሚገባቸው ይህችን ድልድይ ነው።

ስለ ሶላት አንድ ነገር እንበል። ልጁ «ጨዋታ መሐል ነኝ፣ ማቋረጥ አልችልም» ካላችሁ እውነት አይደለም። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ጊዜ የሚሄደው «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ሲነካ ብቻ ነው፤ ግጥሚያውም መሐል ላይ ይቆማል። መግሪብ ደርሶ ኤክስተር ቢቆም ማንም ነጥብ አይቀንስበትም። የሚያስቸግረው ይህችው «ቀጥል» የምትለው ቁልፍ ናት። «አንዲት ግጥሚያ ብቻ» እያሰኘች ከዒሻእ አንሥታ ፈጅር ላይ ታደርሳለች። ወጣት ወንድማችን፣ ሰዓት ቆርጠህ ተቀመጥ፤ መብራት ከመጥፋቱ በፊትም ሥራህን አስቀምጥ!

ታናናሾቻችንን ይበልጥ የሚጠቅማቸው ግን ሌላ ነው። የጨዋታው ሀብት የተጫዋቾች መዝገቡ ነው። በየአገሩ ያሉ ተመልካቾች ሜዳ እየሄዱ ስለ እያንዳንዱ ተጫዋች የመዘገቡት በመሆኑ፣ የእንግሊዙ ኤቨርተን እ.ኤ.አ. በ2008 ለተጫዋች ምልመላ ሊጠቀምበት ከአምራቾቹ ጋር ተስማምቷል። በዚህ መዝገብ ውስጥ ግን ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ባላት ደብረ ታቦር፣ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ቡድን በሚያለከልክበት አየር ላይ እንደ ልቡ የሚሮጠው ልጅ የለም። የሰፈሩን ቡድን የሚያሠለጥነው ሰው ስለ እርሱ የሚያውቀውን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞታል፤ አሠልጣኙ ሲቀየር ሁሉም ይጠፋል።

እንግዲያው ወንዛዬ፣ ስድስት ወር የእንግሊዝን አራተኛ እርከን መርተህ ከሆነ፣ ይህን መሥራት አያቅትህም። ባለ 50 ቅጠል ደብተር ግዛ። ለእያንዳንዱ የሰፈርህ ተጫዋች አንድ ገጽ ስጥ። ከላይ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የሚመታበትን እግርና የሚሰለፍበትን ቦታ ጻፍ። ከሥር መስመር አስምረህ በየግጥሚያው ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ፣ ስንት እንዳገባ፣ ስንት እንዳቀበለ፣ ተጎድቶ ከነበረም ምኑን እንደሆነ መዝግብ። ከ1 እስከ 20 ያለውን ቁጥር እርሳስ ተጠቅመህ ስጥ፤ በየሦስት ወሩ ስለሚለወጥ። አሠልጣኙ ልምምድ ላይ ሲያይህ መጀመሪያ ይስቅ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ግን ግራ ተመላላሹ ማን እንደሆነ ሊጠይቅህ ይመጣል።