የመለኪያ ዝምታ የጤንነት ማስረጃ አይደለም

የፊዚክስ ተማሪ ገና በመጀመሪያው የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ የሚሰማው አንድ ምክር አለ፤ ይኸውም የመለኪያን ንባብ ከማመን በፊት መለኪያው በምን ላይ ተመሥርቶ እንደሚሠራ መመርመር ይገባል የሚል ነው። ቮልት ሜትሩ ዜሮ ስላሳየ ብቻ ኤሌክትሪክ የለም ማለት አይቻልም፤ የራሱ ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላልና። ይህ ምክር በሕክምናው ዓለም ያለውን ክብደት ለማሳየት አንድ ጉዳይ መርጠናል፤ እርሱም የበሽታ መከላከያ ሥርዓታቸው በዘር በተወረሰ ጉድለት የተጎዳ ሕመምተኞች በትንሹ አንጀታቸው ላይ የሚደርሰውን ብግነት የመለየት ጉዳይ ነው።

ብዙ የደም ምርመራዎች በሽታውን ራሱን አያዩም፤ የሚፈልጉት ሰውነት ያመረታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። የስንዴው ፕሮቲን ግሉተን ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት የሲሊያክ በሽታ በቅድሚያ የሚፈተሸው በዚሁ መንገድ ነው። ይሁን እንጂ አሜሪካዊው ሐኪም ኦግደን ብሩተን እ.ኤ.አ. በ1952 እንደገለጸው፣ ፀረ እንግዳ አካል ማምረት የማይችሉ ልጆች አሉ። ከእንዲህ ያለ ልጅ ደም «የለም» የሚል ውጤት ቢመጣ ምን ይነግረናል? ምንም። ይባስ ብሎም ሕክምናው ከጤነኞች ደም የተጣራ ፀረ እንግዳ አካል መስጠት በመሆኑ፣ «አለ» የሚለው ውጤት የለጋሾቹ ሊሆን ይችላል። ቮልት ሜትራችን የጎረቤትን መስመር አነበበ ማለት ነው።

ክሮኒክ ግራኑሎማተስ በተባለው ሌላ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ደግሞ፣ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርሞችን ይውጣሉ እንጂ ለመግደል የሚያስፈልጓቸውን የኦክስጅን ውህዶች ማምረት ይሳናቸዋል። በብዙዎቹ ሕመምተኞች አንጀት ይቆጣል፤ አንዳንዴም ይጠባል። ከኒውትሮፊል የሚወጣውን ካልፕሮቴክቲን የተባለ ፕሮቲን በዓይነ ምድር ውስጥ መለካት ይረዳል። ነገር ግን ተላላፊ ተቅማጥም መጠኑን ከፍ ያደርገዋል፤ ብግነቱ የት እንዳለም አይናገርም።

እንግዲያው በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ችግሩ ትንሹ አንጀት ስድስት ሜትር ያህል መርዘሙ ነው። ከአፍ የሚገባው የተለመደው ኤንዶስኮፕ መጀመሪያውን፣ ከታች የሚገባው ደግሞ መጨረሻውን ብቻ ይደርሱበታል። መካከሉ ለረጅም ጊዜ ጨለማ ነበር። ጨለማውን የገለጠው የፊዚክስና የምህንድስና ዕውቀት ነው። ቀድሞ በሚሳይል የዕይታ መሣሪያዎች ላይ ይሠራ የነበረው እስራኤላዊው መሐንዲስ ጋቭሪኤል ኢዳን ከባልደረቦቹ ጋር የሚዋጥ ካሜራ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ አደረገ። 11 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 26 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ይህ ካፕሱል በሴኮንድ ሁለት ሥዕል እያነሣ በሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ በስምንት ሰዓት 57,600 ሥዕል መሆኑ ነው። ሆኖም የሥጋ ናሙና አይቆርጥም፤ በጠበበ አንጀት ውስጥም ሊቀረቀር ይችላል። ስለዚህ ጥበት በሚጠረጠርበት ጊዜ ቀድሞ የሚሟሟ የሙከራ ካፕሱል ይላካል፣ ወይም አንጀቱ በኤም አር አይ ይታያል።

ኤም አር አይ በመግነጢሳዊ መስክና በሬዲዮ ሞገድ የሃይድሮጂንን ፕሮቶኖች ስለሚያነብ አዮን ፈጣሪ ጨረር የለውም። ይህ ለአንዳንዶች ትልቅ ቁም ነገር ነው። አታክሲያ ቴላንጂኤክቴዚያ የተባለ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያለባቸው ሕመምተኞች በጨረር የተሰበረን ዲ ኤን ኤ በሚገባ መጠገን ስለማይችሉ፣ ሲቲ ስካንን በተቻለ መጠን ማስወገድ ይገባል። መመርመሪያው ራሱ የሚጎዳው ሰው አለና።

በእኛ አስተያየት፣ ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱን «ምርጥ» ብሎ መሰየም ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ባለበት ጉድለት በኩል ሌላው ሊያየው ይገባል። መሣሪያዎቹ ውድ መሆናቸውን፣ በአገራችንም እንደ ልብ እንደማይገኙ አንዘነጋም። ነገር ግን «ይህ ምርመራ ሕመምተኛው የሌለውን ነገር እንዳለው አድርጎ ይገምት ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ሳንቲም አያስወጣም። ጥያቄው ባለመጠየቁ ክብደቱ የሚቀንስና ተቅማጥ የማይለየው ልጅ «ደምህ ንጹሕ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ የፊዚክስ ተማሪ ሕክምናን የሌላ ሰው ሥራ አድርጎ አይቁጠረው፤ የሕክምና ተማሪም የስሕተት ትንተናን ለፈተና ብቻ አያጥናው እንላለን።