ከሰው መራቅን ቅድስና ያደረገው ማን ነው?

ፍልሰታ በገባ ቁጥር የሚደጋገም ምክር አለ፦ ከሰው ራቅ፣ በርህን ዝጋ፣ ከፈጣሪህ ጋር ብቻህን ሁን። ለሁለት ሱባኤ ከሆነ ክፋት የለውም። ነገሩ የሚበላሸው ምክሩ የዓመት ሙሉ መመሪያ ሲሆን ነው። ከተሜው ምእመን ዛሬ ስብከቱን በስልኩ ያዳምጣል፣ ከጽዋ ማኅበሩ «ሐሜት በዛበት» ብሎ ከወጣ ቆይቷል፣ ደጀ ሰላም ደርሶም ተሳልሞ ይመለሳል። ይህን ሲናገርም እንደ ብርታት ነው። ማኅበር ለጀማሪ፣ ብቸኝነት ለበሰለ የሚል ደረጃ ሳይታወጅ ጸንቷል፤ ለምስክርነት የሚጠሩትም የበረሃ አባቶች ናቸው። ጠሪዎቹ ግን ገድላቸውን እስከ መጨረሻው ያነበቡት አይመስለኝም።

የመነኮሳት አባት የሚባለው እንጦንስ ተጋድሎን የጀመረው በመንደሩ አካባቢ ከሚኖሩ ጽሙዳን ከአንዱ ትዕግሥትን፣ ከሌላው ጸሎትን እየቀሰመ ነው። በተዘጋ ምሽግ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ሲወጣ ያዘኑትን ያጽናና፣ የተጣሉትን ያስታርቅ እንደነበር ታሪኩን የጻፈው አትናቴዎስ ይመሰክራል። ስደት በተነሣ ጊዜም እስክንድርያ ወርዶ የታሰሩትን አገልግሏል። ጳኩሚስማ ክርስትናን ያወቀው ለውትድርና በግድ ተይዞ ሳለ የማያውቃቸው ክርስቲያኖች ምግብ ስላመጡለት ነው፤ በባሕታዊው ጰላሞን እግር ሥር ከተማረ በኋላ በ4ኛው መቶ ዘመን በላይኛው ግብፅ የአንድነት ኑሮን መሠረተ። ባስልዮስም የግብፅን መነኮሳት አይቶ ሲመለስ፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ጥፋቱን የሚነግረው፣ ትሕትናውንም የሚፈትንበት ሰው የለውም ሲል ተከራከረ። ለዚህ ክርክር እስካሁን በቂ መልስ አላየሁም። የሚያስቆጣው ያጣ ሰው ቍጣውን ድል እንደነሣ በምን ያውቃል?

የእኛም ገዳማት ሥርዐት ከዚህ አይርቅም። ለምናኔ የሄደን ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ዋሻ ሳይሆን አመክሮ ነው፤ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አረጋውያንን ይረዳል። ቆቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ወደ ብሕትውና የሚወጣም በአባቶች ፈቃድ ይወጣል። ደብረ ዳሞን ያየ ያውቀዋል፦ ገደሉን የሚወጣው ሰው አንዱን ገመድ በእጁ ይዞ ሲቧጥጥ፣ ወገቡ ላይ የታሰረውን ጠፍር ከላይ የሚስብለት መነኩሴ አለ። ቅዳሴም ቢሆን ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ካልተሟሉ አይቀደስም፤ የቱንም ያህል የበቃ አባት ብቻውን ሊቀድስ አይችልም።

ጌታም ብቻውን ይጸልይ ነበር የሚል ይኖራል። አዎ፤ ማርቆስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ማለዳ ገና ሳይነጋ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ እንደጸለየ ይነግረናል። ጴጥሮስና ጓደኞቹ ተከታትለው ሲያገኙት ግን ይዟቸው የሄደው ሊሰብክ ወደ ቀጣዮቹ መንደሮች ነው። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ማኅበሩ ራሱ ታሟል። ጽዋው የድግስ ፉክክር ሆኗል፣ ጸሎቱ አጥሮ ወሬው ረዝሟል፤ ለጥቂት ጊዜ ዝም ማለት የሚፈልግ ሰው እንደ ኩሩ ይታያል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ጸጥታን የማያከብር ማኅበርም አባላቱን ያደርቃል። ነገር ግን ሐሜተኛውን ማኅበር ጥሎ የወጣ ሰው ሐሜቱን በልቡ ይዞት ሊወጣ ይችላል፤ በተዘጋው ክፍል ደግሞ የሚገሥጸው የለም። ወቀሳዬ ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ፣ ከስልኳ መዝሙር በቀር ቤተ ክርስቲያን የሌላትን እህት አይነካም። እርሷ ብቸኝነቱን አልመረጠችውም፤ አንድ ሰንበት ከወገኖቿ ጋር ለማስቀደስ ብትችል የማትከፍለው የለም። የምናገረው አጥቢያው ደጁ ላይ ስላለለት ሰው ነው። መሥዋዕትህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የተባለውም ለእርሱ ነው። ስለዚህ የንስሐ አባቶች ሱባኤ ለሚይዝ ልጃቸው የስግደቱን ቍጥር ከመወሰናቸው በፊት ከማን ጋር እንደተኳረፈ ቢጠይቁት፣ በሩንም ከዚያ ሰው ቤት ደርሶ ከተመለሰ በኋላ እንዲዘጋ ቢያዝዙት እላለሁ።