ሳናነብ የፈረምነው ዕዳ

በምዝገባ ሰሞን በሬጅስትራር ቢሮ ደጃፍ ተሰልፈን ሳለ አንድ ቅጽ ተሰጠን። ከኋላ ያለው «ቶሎ በሉ እንጂ» ይላል፤ ጸሐፊዋ «እዚህ ላይ ፈርሙ» ትላለች። ፈረምን። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ያነበበ ማን እንደ ሆነ በኋላ የክፍሌን ልጆች ብጠይቅ፣ እኔን ጨምሮ አንድም አልተገኘም።

ያ ወረቀት የብድር ውል ነበር። በተለምዶ ኮስት ሼሪንግ የምንለው፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 ከመቶውን እንዲሸከም፣ ሥራ ሲይዝም ከወር ገቢው ቢያንስ 10 ከመቶ እየከፈለ እንዲጨርስ ደንግጓል።

ሥርዓቱን ለመቃወም አልተነሣሁም። በገበሬው ግብር የተማረ ሰው ጥቂት ቢመልስ ነውር የለበትም። ነውሩ፣ ሎጋሪዝም ስንማር ከርመን የራሳችንን ዕዳ ማስላት አለመማራችን ነው። አባቶቻችን «ዕዳ ከሜዳ» ይላሉ፤ የእኛ ግን ከሜዳ አልመጣም፤ በገዛ እጃችን ፈርመን የገባንበት ነው።

በዚህ ካልተማርን የባሰው ገና ይጠብቀናል። በ2014 ዓ.ም. በቴሌብር ብድር መስጠት ከተጀመረ ወዲህ ለጥቂት ብር ዋስ ፍለጋ መንከራተት ቀርቷል። መልካም ነው። ሆኖም አበዳሪው ማንም ይሁን ማን፣ ዋጋውን ራሳችን እናስላ። ለምሳሌ 1,000 ብር ለአንድ ወር ተበድረን 50 ብር ብንጠየቅ «50 ብር ምን አላት» እንላለን። በየወሩ ብናድሰው ግን በዓመቱ 600 ብር ከፍለን ዋናው 1,000 ብር እንዳለ ይጠብቀናል። ይህ 60 ከመቶ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግለሰቦች ሲበዳደሩ በዓመት ከ12 ከመቶ በላይ ወለድ እንዳይዋዋሉ መከልከሉን ልብ ይሏል።

ብድር ሁሉ ክፉ ነው አልልም። ለስፌት መኪና የተበደረ ከስፌቱ ይከፍላል፤ ለምረቃ ሱፍ የተበደረ ግን ሱፉ አርጅቶ ዕዳው አዲስ እንደ ሆነ ይቀራል።

ስለዚህ ማኅበራችን በየዓመቱ፣ ከፊርማው ቀን በፊት፣ አንድ ሰዓት ይስጠን። አንድ የሂሳብ ተማሪ ስሌቱን፣ አንድ የሕግ ተማሪ ውሉን ያስረዳን። ለዚህ ሰሌዳና ጠመኔ ይበቃል። እስከዚያው ግን፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስንት እወስዳለሁ? ስንት እመልሳለሁ? ከየት አመጣለሁ? ለሦስቱ መልስ ሳታገኙ ብዕር አታንሡ።

አንድ የ3ኛ ዓመት ተማሪ