110 ነጥብ ለ600 ቦታ

በቪዲዮ ጨዋታ የክህሎት ነጥብ የሚባለው፣ ተጫዋቹ የሚመራው ገጸ ባሕርይ ከአንድ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ከፍ ባለ ቁጥር የሚያገኘውና አዲስ ችሎታ ለመክፈት ወይም ያለውን ለማጎልበት የሚያውለው ውስን ሀብት ነው፤ ይህ ሀብት በየትኛው ችሎታ ላይ ምን ያህል እንደሚውል የሚወሰንበት ዕቅድ ደግሞ በጌመሮች አነጋገር «ቢልድ» ይባላል። ነጥቡ ስለ ምን ይገደባል የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ መቋጫ የሚያጣው፣ ሁለት የተለያዩ ገደቦች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው። አንደኛው የነጥቡን ብዛት የሚወስን ሲሆን፣ ሁለተኛው አንዴ የዋለን ነጥብ ማንሣት የሚከለክል ነው። የመጀመሪያው ሊጠበቅ፣ ሁለተኛው ግን ሊላላ ይገባዋል።

ለዚህ ከ«ዳያብሎ 2» የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ይህ ጨዋታ ለእያንዳንዱ የገጸ ባሕርይ ዓይነት በሦስት «የክህሎት ዛፎች» የተመደቡ 30 ክህሎቶችን ያቀርባል፤ የክህሎት ዛፍ ማለትም ቀዳሚው ሳይከፈት ተከታዩ የማይከፈትበት፣ ቅርንጫፍ እያወጣ የሚሄድ የችሎታዎች ሰንጠረዥ ነው። አንድ ክህሎት እስከ 20 ነጥብ ስለሚቀበል፣ ሁሉንም ለመሙላት 600 ነጥብ ያስፈልጋል። ይሁንና ገጸ ባሕርዩ የመጨረሻው 99ኛ ደረጃ ላይ ቢደርስ እንኳ፣ በየደረጃው አንድ አንድ እየተባለ የሚሰጠው 98 ነጥብ፣ ከተልእኮዎች የሚያገኘው ደግሞ 12፣ በድምሩ 110 ብቻ ነው። ይህም አምስት ክህሎት ሞልቶ ዐሥር ነጥብ ያስተርፋል፤ እስከ 99ኛው ደረጃ ያለው ጉዞ እጅግ አድካሚ በመሆኑ ብዙዎች መንገድ ላይ ስለሚቆሙ፣ በተግባር የሚገኘው ከዚህም ያንሳል።

የዚህ ጥበት ፍሬ ሶርሰረስ በተባለችው አስማተኛ ላይ በግልጽ ይታያል። ሦስቱ ዛፎቿ የእሳት፣ የመብረቅና የበረዶ ሲሆኑ፣ 600 ነጥብ ቢሰጣት ኖሮ በዓለም ያሉት ሶርሰረሶች ሁሉ አንድ ዓይነት በሆኑ ነበር፤ 110 ስለተሰጣት ግን የእሳቷና የበረዶዋ ስማቸው አንድ ቢሆንም ውጊያቸው ለየቅል ነው። በጨዋታው ከባድ እርከን ላይ እሳት ጨርሶ የማይነካቸው ጭራቆች ስለሚመጡ፣ ነጥቧን ሁሉ በእሳት ላይ ያፈሰሰች አስማተኛ በእነርሱ ፊት ባዶ እጇን ትቀራለች፤ ይህን ፈርታ ለሦስቱም ዛፎች እኩል ያካፈለችው ደግሞ የትኛውም አስማቷ ለከባዱ እርከን የማይበቃ፣ ከሁለት ያጣች ትሆናለች። እስከ ስምንት ሰው አብሮ መጫወት በሚቻልበት ጨዋታ ውስጥ የአንዷ ጉድለት የሌላዋን መኖር ትርጉም የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው። (በ1997 የወጣው «ፎልአውት» ከዚህም አልፎ፣ የማሰብ ችሎታን እጅግ ዝቅ አድርጎ ነጥቡን ለጉልበት የሰጠ ሰው፣ ገጸ ባሕርዩ ወግ ያለው ዓረፍተ ነገር መናገር ተስኖት ሲንተባተብ እንዲያይ ያደርገዋል፤ ገደብ ቀልድም ያውቃል።)

ሁለተኛው ገደብ ግን ለዚህ ሁሉ አስተዋፅኦ አልነበረውም። «ዳያብሎ 2» ለዐሥር ዓመት ያህል አንዴ የዋለን ነጥብ አልመለሰም፤ ተጫዋቹ የሚከፍተውን ክህሎት ሳይሞክር እንዲመርጥ፣ ከተሳሳተም ገጸ ባሕርዩን ጥሎ ከአንደኛ ደረጃ እንዲጀምር ይገደድ ነበር። ኃይለኞቹ ክህሎቶች የሚከፈቱት በ24ኛውና በ30ኛው ደረጃ ስለሆነ፣ ብልጦቹ ነጥባቸውን ሳይነኩ አጠራቅመው እስከዚያው በደካማ አስማት መዋጋትን ተለማመዱ፤ ማለትም ለመዋል የተሰጠ ሀብት በፍርሃት ተቀበረ። የቀሩት ሌላው ሰው ፈትኖ የጻፈውን ቢልድ ነጥብ በነጥብ መገልበጥን መረጡ፤ የስሕተት ዋጋ ይህን ያህል ሲከብድ ምርጫው ከተጫዋቹ እጅ ወጥቶ የመመሪያ ጸሐፊው ይሆናል። በ2003 በወጣው 1.10 ማሻሻያ ደግሞ «ሲነርጂ» የተባለ ሥርዓት መጣ፤ ይህም በአንዱ ክህሎት ላይ የዋለ ነጥብ ሌላውን ተዛማጅ ክህሎት እንዲያጠነክር የሚያደርግ ነው። ከዚያ በፊት የእሳት ኳስን ሞልቶ ታናሹን የእሳት ብልጭታ እንደ መረማመጃ ብቻ አይቶ በአንድ ነጥብ ያለፈው ተጫዋች፣ ሕጉ ተለውጦ ነጥቡ ባለበት ቀረ። ሕግ አውጪው ሐሳቡን መለወጥ ሲችል ተጫዋቹ የማይችልበት ሁኔታ ከፍትሕ ጋር የሚታረቅበት መንገድ የለም።

ተከታዩ «ዳያብሎ 3» በ2012 ሲወጣ ሁለቱንም ገደቦች በአንድነት አስወገደ፤ የክህሎት ነጥብ ቀረ፣ ክህሎቶቹም እንደ ልብስ የሚቀያየሩ ሆኑ። በደረጃና በዓይነት እኩል የሆኑ ሁለት ገጸ ባሕርያት ከትጥቃቸው በቀር የሚለያቸው ብዙም አልነበረም። የ«ዳያብሎ» ሠሪ የሆነው ድርጅት፣ ብሊዛርድ፣ በዚያው ዓመት በሌላው ጨዋታው በ«ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» ውስጥ የነበሩትን ዛፎች አንሥቶ በጥቂት ምርጫዎች ተካቸው፤ በ2022 ግን ዛፎቹንም ነጥቦቹንም መልሶ ተከላቸው።

የሚያስገርመው ሁለቱን ገደቦች የሚለየው መፍትሔ ከ2012 በፊት በራሱ በ«ዳያብሎ 2» ውስጥ መገኘቱ ነው። በ2010 የወጣው 1.13 ማሻሻያ 110ን አንድም ሳይጨምር፣ አካራ የተባለችው የጨዋታው አሮጊት ካህን በእያንዳንዱ የክብደት እርከን አንዴ፣ በድምሩ ሦስት ጊዜ፣ ነጥቡን ሁሉ ሰብስባ ለባለቤቱ እንድትመልስ አደረገ። አራተኛ ጊዜ ለሚሻ ሰውም በሩ አልተዘጋም፤ በከባዱ እርከን ታላላቆቹን አለቆች ደጋግሞ ገድሎ፣ እነርሱ አልፎ አልፎ የሚጥሏቸውን አራት ዓይነት ቅመሞች ማሟላትና በጨዋታው የአስማት ሣጥን ውስጥ ማዋሐድ ይኖርበታል።