ሕዝቡን አትውቀሱት!

በበዓል ላይ ምዕመናን በግፊያ ባለቁ ቁጥር «ሥርዓት የሌለው ሕዝብ» የሚል ፍርድ ይቀድማል። አልቀበለውም።

«ኩምብ» ማለት ገንቦ ነው። በሂንዱዎች ትውፊት፣ አማልክትና አጋንንት ከሞት የሚያድነውን መጠጥ የያዘ ገንቦ ሲሻሙ ጠብታው በአራት ቦታ ወደቀ። አንዱ ጋንጅስና ያሙና የሚገናኙበት ፕራያግራጅ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ በመንግሥት ቆጠራ እንኳ 30 ሰዎች እዚያ ተረጋግጠው ሞቱ። ባለሥልጣናቱም ሕዝቡ አጥር ሰብሮ ነው አሉ።

ቀኑ ግን ዱብ ዕዳ አልነበረም። ብዙ ሰው የሚጎርፍበት ዋናው የመታጠቢያ ቀን መሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል። በ1954ም በዚያው ከተማ፣ በዚሁ ዕለት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል።

ከአደጋው በኋላስ ምን ተደረገ? ለታላላቅ ሰዎች የተሰጠው ልዩ የመኪና ማለፊያ ተሰረዘ። ሰው ካለቀ በኋላ መሰረዝ ከተቻለ፣ በዋዜማው ምን ከለከለ?

ወንዙ ውስጥ ሚኒስትሩም ገበሬውም እኩል ይነከራሉ። ልዩነቱ መንገዱ ላይ ነው። እምነቱን ተዉትና መንገዱን ያደላደለውን ጠይቁ።