ሳያነብ የፈረመ ከያኒ

ኪነ ጥበብ የኅብረተሰብ ሕይወት ነጸብራቅ መሆኗ በየመድረኩ ይነገራል። የከያኒው ኑሮ በምን ላይ እንደ ቆመ ግን እምብዛም አይነገርም። ድምፃዊው ሲያዜም እልል እንላለን፤ ሲታመም መዋጮ እንሰበስባለን። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስለ ተፈረመችው አንዲት ወረቀት ግን የሚጠይቅ የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለዚያች ወረቀት መናገር ነው።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ድምፃዊ በየምሽት ክበቡ ለዓመታት ሲዘፍን ቆይቶ «እናሳትምልህ» የሚል ሰው ያገኛል። ደስታው ዓይኑን ይጋርደዋል። የቀረበለት ውል የሥራው መብት ሁሉ፣ በማናቸውም መልክና ያለ ጊዜ ገደብ፣ ለአሳታሚው መተላለፉን ይገልጻል። ወጣቱ የሚያነበው ግን የገንዘቡን መጠን ብቻ ነው፤ ይፈርማል። ዘፈኑ ከአፍ ወደ አፍ ሲሸጋገር፣ የዘፈነው ሰው ከአድማጮቹ እንደ አንዱ ሆኖ ይቀራል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ጉዳቱ የከፋ የሚሆነው የተቀረጸ ድምፅ ዕድሜው ረጅም ስለ ሆነ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ዐምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያን ብቸኛ መብት ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከመቶ በላይ ሸክላዎች ከእጁ ወጡ። በዚያን ጊዜ ከሸክላው ሽያጭ አሻግሮ ያየ ማን ነበር? ሆኖም ሸክላውን ካሴት ተካው፤ ካሴቱን ሲዲ ተካው፤ ሲዲውንም ኢንተርኔት ተካው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የዚያ ዘመን ሙዚቃ «ኢትዮፒክ» በሚል ተከታታይ ኅትመት በፈረንሳይ አገር እንደገና ወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ተሰሙ። እንግዲህ «በማናቸውም መልክ» የምትለው ሐረግ ትንሽ ናትን? ገና ያልተፈለሰፈውን መሣሪያና ገና ያልተወለደውን አድማጭ ጭምር የምታስረክብ ሐረግ ናት።

«ወረቀት ወዳጅነትን ያሻክራል» የሚሉ አሉ። ይህ የገበሬውን ጥበብ አለማወቅ ነው። ገበሬ በሬውን ለአንድ ክረምት ሲያከራይ ጊዜውን ይወስናል፤ ኪራዩን ይቈርጣል፤ እማኝ ያቆማል። በሬውን አከራየ እንጂ ሰጠ አይባልም። ለበሬ የተደረገው ጥንቃቄ ለሰው ድምፅ ሲነፈግ ምን ሊባል ይችላል?

«ከያኒ ለገንዘብ አይሠራም» የሚሉም አሉ። የስቱዲዮው ባለቤት ይከፈለዋል፤ የሽፋኑ ሠዓሊ ይከፈለዋል፤ አከፋፋዩ ይከፈለዋል። ክብር ብቻ ይበቃዋል የሚባለው ግን ድምፁን የሰጠው ነው። ይህ ውዳሴ የተለበሰ ንጥቂያ ነው።

«አሳታሚው ይከስራል» የሚለው ሦስተኛው ክርክር እውነትነት አለው። ገንዘቡን የሚያወጣው እርሱ ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚያባዙ ሰዎችም ይዘርፉታል። ስለዚህም የ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410 ለአሳታሚው በቅጂው ላይ የ50 ዓመት ጥበቃ ሰጥቶታል። ነገር ግን ይኸው ዐዋጅ ለከዋኙም የራሱን መብት ሰጥቶታል፤ ለግጥምና ለዜማ ደራሲውም ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ጥበቃ አድርጎለታል። ደራሲው የኢኮኖሚ መብቱን ቢያስተላልፍ እንኳ በስሙ የመጠራት የሞራል መብቱን አያጣም። የአሳታሚው ኪሣራ ተመጣጣኝ ድርሻ ለመጠየቅ ምክንያት ይሆናል፤ የሌላውን ሁሉ ለመጠቅለል ግን ምክንያት አይሆንም።

ሕጉ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1710፣ የአንዱን ወገን ችግር፣ የዋህነት ወይም ግልጽ የሆነ የሥራ ልምድ ማነስ መሣሪያ አድርጎ የተገኘ ሚዛኑን የሳተ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ደንግጓል። ነገር ግን ክሱ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ዘፈኑ ገንኖ፣ እርሱ ዐይኑ እስኪገለጥ ድረስ የጠበቀ ድምፃዊ ደጁ ተዘግቶ ያገኘዋል። ሕግ የተኛውን አይቀሰቅስም።

ስለዚህ ጀማሪው ከመፈረሙ በፊት አራት ጥያቄዎችን ይጠይቅ። ምን ሰጠሁ? ዘፈኑን በድምፄ ማዜሜንና ቅጂውን ነው ወይስ የግጥሙንና የዜማውን መብት ጭምር? ግጥሙና ዜማው የሌላ ሰው ከሆኑ ያልያዝሁትን ልሸጥ አልችልም። ለስንት ዘመን ሰጠሁ? ለየትኛው አጠቃቀም፣ ለየትኛውስ አገር? ሒሳቡን በምን አየዋለሁ? ቅድሚያ ክፍያ ስጦታ ነው ወይስ ወደፊት ከድርሻዬ የሚቀነስ ዕዳ? የስቱዲዮው ወጪስ በማን ላይ ይታሰባል? የእነዚህ መልስ በወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ የቃል ተስፋው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ወቀሳው ግን በወጣቱ ላይ ብቻ አይውደቅ። ትዝታን፣ ባቲን፣ አንቺሆዬንና አምባሰልን ያስተማርነው እኛ ነን፤ ውል ማንበብን ያላስተማርነውም እኛው ነን። መምህራን በሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ ለዚህ ሰዓት ይመድቡ። የባህል ሠራተኞች በየክበቡ ሕግ ዐዋቂ ጋብዘው ያወያዩ። አንጋፋ ከያኒያን ያፈሩበትን ውል ከመደበቅ ይልቅ ለተተኪው ያሳዩ። አራቱን ቅኝቶች ለይቶ የሚሰማ ጆሮ አራት ጥያቄዎችን ለመያዝ አይሳነውም። ያን ጊዜ ለታመመ ድምፃዊ የምንዞረው የመዋጮ ሣጥን ይቀልላል፤ የላቡ ዋጋ አስቀድሞ በእጁ ይገባልና።