የጋራ ስም፣ የግል ኪስ

የአሜሪካ የልጆች ጀብዱ መጻሕፍት በጋራ የብዕር ስም መታተማቸው ሲነሳ፣ «ልጅ የሚፈልገው ታሪኩን ነው፤ የጸሐፊው ማንነት ምን ያደርግለታል?» የሚል መልስ አይታጣም። ለልጁ ምንም አያደርግለት ይሆናል። ለአሳታሚው ግን ብዙ አድርጎለታል።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ኤድዋርድ ስትራተሜየር ያቋቋመው ድርጅት የታሪኩን ንድፍ ያወጣ ነበር፤ ጸሐፊው በጥቂት ሳምንታት መጽሐፍ ያደርገው ነበር። ለአንዱ መጽሐፍ 125 ዶላር ገደማ ተቀብሎ መብቱን በሙሉ ይለቅቅ ነበር፤ የጻፈው እሱ መሆኑን ላለማውጣትም ቃል ይገባ ነበር። በተከታታዮቹ ሽፋን ላይ የሚነበቡት የቶም ስዊፍቱ «ቪክተር አፕልተን»፣ የሃርዲ ቦይሱ «ፍራንክሊን ዲክሰን»፣ የናንሲ ድሩዋ «ኬሮላይን ኪን» በእውን ኖረው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት የጻፉት ሃዋርድ ጋሪስ፣ ሌስሊ ማክፋርሌንና ሚልድረድ ቤንሰን ነበሩ።

ተከራካሪዎች «ጸሐፊ ቢቀየርም ተከታታዩ እንዳይቋረጥ ነው» ይላሉ። ንድፉ የድርጅቱ መሆኑም እውነት ነው። ይህ ግን በሽፋኑ ላይ አንድ ስም እንዲኖር ምክንያት ይሆናል እንጂ ጸሐፊውን ዝም ለማሰኘት አይሆንም። የዝምታው ጥቅም የታየው በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ነው። ለናንሲ ድሩ የሚከፈለው ወደ 75 ዶላር ሲወርድ ቤንሰን አልጽፍም አለች፤ ሦስቱን ቀጣይ መጻሕፍት ዋልተር ካሪግ ጻፈ። ሽፋኑ ላይ ያለችው ያችው ኬሮላይን ኪን ነበረች። አንባቢ የማያውቀው ጸሐፊ ሥራ ቢያቆም ማን ይጎድልብኛል ይላል?

ነገሩ በክፍያ ብቻ አላበቃም። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀድሞዎቹ መጻሕፍት እንደገና ተጻፉ። ጥቁሮችንና ሌሎችን የሚያዋርደው አገላለጽ መውጣቱ ተገቢ ነበር፤ ግን ታሪኮቹም አጠሩ፣ አንዳንዶቹ ከነጭራሹ ተለወጡ። ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት አንድ ርዕስና አንድ ደራሲ ያዙ። ለስድቡ የሚጠየቅ አልነበረም፤ ለለውጡም «ይህ የእኔ አይደለም» የሚል ድምፅ ሊሰማ አልቻለም።

በእነዚያ ዓመታት ሕዝብ የናንሲ ድሩ ደራሲ አድርጎ ያወቃት የስትራተሜየርን ልጅ ሃሪየት አዳምስን ነው። እሷ ንድፎችን አውጥታለች፣ የኋለኞቹንም መጻሕፍት ጽፋለች፤ የመጀመሪያዎቹ ግን የቤንሰን ናቸው። ይህ በፍርድ ቤት የተነገረው በ1980 እ.ኤ.አ. አሳታሚዎች ሲካሰሱ ቤንሰን ለምስክርነት በቀረበች ጊዜ ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ።

«ወደው ፈርመዋል» የሚለው ክርክር ውሉን ሕጋዊ ያደርገዋል እንጂ ፍትሐዊ አያደርገውም። ዛሬም በኬሮላይን ኪን ስም አዳዲስ መጻሕፍት ይወጣሉ። ስሙ ሽፋኑ ላይ ይቆይ፤ የጻፈው ሰው ስም ግን ውስጥ ገጹ ላይ ይታተም። አንድ መስመር ቀለም አሳታሚን አያከስርም።